ኮፈኑ ሳይከፈት ቀብድ አይከፈል

ቦታው ላስ ቬጋስ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የጭነት መኪና መሸጫ ግቢ ነው። ወሩ መስከረም፣ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር 2024። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶችም ሁሉ እንደዚያው ናቸው።) ቀትር ላይ፣ ዐይን በሚያጠፋ ፀሐይ፣ ከአንድ አዲስ መኪና ኮፈን ሥር አንገቴን አስግጌ ቆሜአለሁ። በአንድ እጄ ስልክ፣ በሌላው የእጅ ባትሪ ይዣለሁ። ሻጩ ጥላ ውስጥ ሆኖ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። በደረት ኪሴ የ15,000 ዶላር ቼክ አለ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቁብ ጥዬ የደረሰኝ ገንዘብ ነው።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ያንብቡልኝ» ይለኛል በስልኩ ወዲያ ማዶ ያለው የጓደኛዬ ልጅ። ኦንታሪዮ በምትባለው የካሊፎርኒያ ከተማ፣ ከባድ መኪና የሚጠግን ጋራዥ ውስጥ ይሠራል።

«ብዙ ነው የተጻፈው፤ የቱን ላንብብልህ?»

«አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ተያይዞ የተጻፈበት አለ። የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ይንገሩኝ።»

«አር ይላል።»

«ከጽሑፉ ውስጥ ካሊፎርኒያ የሚል ቃል አለ?»

ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ስም አለ፤ የካሊፎርኒያ ስም ግን የለም።

«እንግዲያው ቼኩ ከኪስዎ አይውጣ።»

ያ ልጅ ስልኩን ባያነሣ ኖሮ፣ በምኖርበት ግዛት ታርጋ የማላወጣለት የ169,000 ዶላር መኪና ባለቤት ሆኜ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ፣ ያየሁትን አንድ ጊዜ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

የምኖረው ሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ነው። ከባድ መኪና ስነዳ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ዘጠኙን በራሴ መኪና ነው የሠራሁት። መስመሬ ከሎስ አንጀለስ ወደ ፊኒክስ፣ ወደ ላስ ቬጋስ፣ አልፎ አልፎም ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። አሮጌው መኪናዬ የጥላሸት ማጣሪያው በየጊዜው እየተደፈነ ያስቸግረኝ ነበር። በመጨረሻ በሐምሌ ወር፣ ሃያ ቶን ጭኜ የካሆንን ዳገት ስወጣ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ሁሉ በርተው ኮምፒውተሩ ፍጥነቴን በሰዓት 5 ማይል ላይ ገደበው። እግረኛ የሚቀድመው ከባድ መኪና መንዳት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅሁ። መጎተቻውን፣ ጥገናውንና ያመለጠኝን ጭነት ደምሬ ስጨርስ አዲስ ለመግዛት ወሰንኩ።

ከግዢው በፊት ግን የአንድ ጓደኛዬን ጉዳይ ማንሣት አለብኝ። ካሊፎርኒያ ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ፣ ጠቅላላ ክብደታቸው ከ14,000 ፓውንድ በላይ የሆኑ የናፍጣ መኪኖች፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ የ2010 ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሞተር እንዲኖራቸው አስገድዳለች። የጓደኛዬ ሊብሬ 2010 ይላል። ስለዚህ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ተረጋግቶ ተቀመጠ። ታርጋውን ሊያሳድስ ሲሄድ ተከለከለ፤ ሞተሩ የ2009 ሆኖ ተገኘ። የከባድ መኪና ፋብሪካዎች ዘንድሮ የተሠራውን ሞተር በሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ሻሲ ላይ መጫናቸው የተለመደ ነው። ሊብሬው የሚናገረው ስለ ሻሲው ነው፤ ደንቡ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ። ሰውየው በዚያች የአንድ ዓመት ልዩነት የተነሣ የሚያበላውን መኪና ከግማሽ ዋጋ በታች ወደ ሌላ ግዛት ሸጠው። እኔም ስሰማ አዘንኩ እንጂ አልተማርኩበትም፤ ቢሆንማ ላስ ቬጋስ ድረስ ቼክ ጽፌ አልሄድም ነበር።

የሞተሩን ዓመት ለማወቅ የጓደኛዬ ልጅ ያስጠየቀኝ ፊደል ይበቃል። ያ ባለ አሥራ ሁለት ምልክት ጽሑፍ የሞተሩን ምድብ የሚገልጽ መለያ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ፊደል የሞተሩን ሞዴል ዓመት ያመለክታል። ኤ ሲሆን 2010፣ ዲ ሲሆን 2013፣ ፒ ሲሆን 2023፣ አር ሲሆን 2024፣ ኤስ ሲሆን 2025 ነው። ከቁጥር ጋር የሚያምታቱ እንደ አይ፣ ኦ እና ኪው ያሉ ፊደሎች ይዘለላሉ። ተለጣፊው አብዛኛውን ጊዜ በሞተሩ ክዳን ላይ ይገኛል፤ ዘይትና አቧራ ከሸፈነው በጨርቅ መጥረግ ነው። ተለጣፊው ጨርሶ የሌለበት መኪና ካጋጠማችሁ መንገዳችሁን ቀጥሉ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተለጣፊው አለመኖሩ ራሱ ጥፋት ነው።

ወደ እኔ ጉዳይ ልመለስ። መጀመሪያ የዞርኩት እዚሁ ካሊፎርኒያ ነው። አንዱ ሻጭ ስሜን መዝገብ ላይ ጻፈና «ከሰባት ወር በኋላ ይሆናል» አለኝ፤ ሃምሳና መቶ መኪና የሚያዙት ድርጅቶች ከፊቴ ናቸው። ሌላው ጋ ስሄድ በናፍጣው ፈንታ የኤሌክትሪኩን መኪና አስጎበኘኝ። እውነቱን ለመናገር ጋቢናው ያምራል፣ ድምፅም የለውም። ዋጋው ግን ከ400,000 ዶላር በላይ ነው፤ በአንድ ሙሌት የሚሄደውም 250 ማይል ገደማ ነው። ከሎስ አንጀለስ ፊኒክስ 370 ማይል ነው። ቀሪውን 120 ማይል በምን ልሂድ ብዬ ብጠይቀው ሣቀ፤ እኔም አብሬው ሣቅሁ።

በኋላ ሳጣራ የእጥረቱ ምክንያት ሁለት ደንቦች ተደራርበው መምጣታቸው ነው። አንደኛው በ2020 የጸደቀው፣ ፋብሪካዎች ከሚሸጡት መኪና ውስጥ የተወሰነው እጅ ጭስ አልባ እንዲሆን የሚያስገድደው ነበር። ከ2024 ሞዴል ጀምሮ ለሳቢ መኪኖች በመቶኛ 5 ተብሎ ተጀምሮ በ2032 እስከ 40 እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ፋብሪካው ኤሌክትሪኩን ካልሸጠ ናፍጣውን እንደ ልቡ መሸጥ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ወደ ግዛቲቱ የሚልከውን ናፍጣ ይቆጥብ ነበር። ሁለተኛው ከሞተሩ የሚወጣውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠን የሚገድበው ነው። የፌዴራሉ ገደብ ከ2010 ጀምሮ በፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.20 ግራም ሆኖ ሲቆይ፣ ካሊፎርኒያ ከ2024 ሞዴል ሞተር ጀምሮ ወደ 0.05 አወረደችው። ይህን የሚያሟላ የናፍጣ ሞተር በገበያው ላይ እንደ ልብ አልነበረም። ፋብሪካዎች ቀድሞ የነበረውን ዓይነት ሞተር በተወሰነ ቁጥር እንዲሸጡ ቢፈቀድላቸውም፣ ያ ቁጥር ለእንደ እኔ ዓይነቱ ባለ አንድ መኪና አይተርፍም።

ስለ ደንቡ ሲነሣ ሾፌሮች መሳደብ ይቀናቸዋል፤ እኔም ተሳድቤአለሁ። ነገር ግን የምኖርበት ሰፈር በመጋዘን የተከበበ ነው፤ በቀን ስንት መቶ ከባድ መኪና በደጃችን እንደሚያልፍ እግዜር ይወቀው። የጎረቤቴ ሁለት ልጆች የአስም መድኃኒት በቦርሳቸው ይዘው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ስለዚህ ስሳደብ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው።

ላስ ቬጋስ የሄድኩት ዋጋ አይቼ ነው። የ2025 ሞዴል፣ ባለ መኝታ፣ በግቢው ውስጥ የቆመ፣ በ151,000 ዶላር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በአዲስ ከባድ መኪና የመጀመሪያ ሽያጭ ላይ 12 በመቶ የፌዴራል ታክስ አለ፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ ይህን አይጨምርም። ሲደመር 169,120 ይሆናል። እንደዚያም ሆኖ ከካሊፎርኒያው ይረክሳል። ሻጩን «የካሊፎርኒያ ሰው ነኝ፤ ችግር አለው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ሁልጊዜ ከዚያ እየመጡ ይገዛሉ» አለኝ። ቃሉ ውሸት አልነበረም። ገዝተው ምን እንደገጠማቸው ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ደንቡ እንዲህ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ነዋሪዋ ወይም በግዛቷ የሚሠራ ድርጅት መኪናውን በሚገዛበት ጊዜ ቆጣሪው ከ7,500 ማይል በታች ከሆነ፣ መኪናውን አዲስ ነው ብላ ትቆጥረዋለች። አዲስ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ለካሊፎርኒያ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ለፌዴራሉ ብቻ የተፈቀደ ሞተር ታርጋ አያገኝም። የኔቫዳ ታርጋ ያለው ያው መኪና ጭነት ይዞ ካሊፎርኒያ ገብቶ መውጣት ይችላል። እኔ ግን ካሊፎርኒያ ላስመዘግበው አልችልም።

ይህን ስነግራቸው ምክር ያልሰጠኝ ዘመድ የለም። አንዱ «ታዲያ 7,500 ማይሉን እየነዳህ ሙላውና አስመዝግበው» አለኝ። የሚታየው በገዛሁበት ቀን ያለው ቁጥር ነው እንጂ በኋላ የምሞላው አይደለም። ላስ ቬጋስ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «በእኔ አድራሻ ድርጅት አውጣና የኔቫዳ ታርጋ ለጥፍ» አለ። በቅንነት ነው ያለኝ፤ እንዲህ የሚያደርጉም አሉ። ነገር ግን በየግዛቱ ለሚያሠራው ታርጋ እውነተኛ የሥራ ቦታ ማሳየት ይጠየቃል፤ መድን ሰጪውም መኪናው የት እንደሚያድር ይጠይቃል። ሌሊት የሚያድረው ካሊፎርኒያ፣ ወረቀቱ ኔቫዳ ሆኖ አደጋ ቢደርስ፣ ያን ጊዜ የአክስቴ ልጅ ቅንነት ካሳ አይከፍልልኝም። ያገለገለ መኪና መግዛት ሌላው አማራጭ ነበር፤ ከ7,500 ማይል በላይ የሄደ ከሆነ የፌዴራሉ ሞተር ይበቃዋል። ፊኒክስ ሄጄ 41,000 ማይል የሄደ አየሁ። ከአዲሱ የሚለየው በጥቂት ሺህ ብር ብቻ ሆኖ ዋስትናው ግን ተገምሶ ነበር፤ ተውኩት። (ብር ያልኩት ዶላሩን ነው፤ ልማድ አይለቅም።)

መፍትሔውን ያመጣው ያው የጓደኛዬ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ የ2024 ሞዴል ሆኖ ሞተሩ በፒ የሚጀምር ይፈልጉ» አለኝ። የካሊፎርኒያ አዲሱ ገደብ የሚነካው የ2024 ሞተርን ነው። በ2023 የተሠራና በጊዜው ለካሊፎርኒያ የተፈቀደ ሞተር በ2024 ሻሲ ላይ ቢጫን በቀድሞው ገደብ ያልፋል። ስልክ መደወል ጀመርኩ። ለአሥራ አንድ ሻጮች ደውዬ፣ ከዋጋው በፊት የሞተሩን ተለጣፊ ፎቶ እንዲልኩልኝ ጠየቅሁ። ስድስቱ መልስ አልሰጡኝም። ሁለቱ የመኪናውን መሪና የመኝታውን ፍራሽ ፎቶ ላኩልኝ። አንዷ ሴት ግን፣ ስቶክተን ካለ ግቢ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የጠራ ፎቶ ላከችልኝ፤ ፒ ይላል፣ ከታች የፌዴራሉም የካሊፎርኒያም ስም ተጽፏል። ያዘዘው ድርጅት ሐሳቡን ቀይሮ ከክረምት ጀምሮ የቆመ መኪና ነው። ቆጣሪው 214 ማይል ይላል። ጓደኛዬን ያከሰረችው ያቺ የአንድ ዓመት ልዩነት ለእኔ በር ከፈተችልኝ።

ዋጋው 162,500፣ ከ12 በመቶው ጋር 182,000 ዶላር ሆነ። ከላስ ቬጋሱ ወደ 13,000 ይበልጣል፤ ካሊፎርኒያ ለመኖር የከፈልኩት ነው ብዬ ተቀበልኩት። የግዛቲቱ የሽያጭ ታክስ ለብቻው ነው። ቀብዱን ከመስጠቴ በፊት ግን ሁለት ነገር ውሉ ውስጥ እንዲገባ ጠየቅሁ። አንደኛው የሞተሩ መለያ ከነፊደሉና ከነቁጥሩ፣ ከሻሲ ቁጥሩ ጎን እንዲጻፍ ነው። ሁለተኛው በሞተሩ ፈቃድ ምክንያት የካሊፎርኒያ ታርጋ ከተከለከለ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ነው። ሻጯ አለቃዋን አማክራ መጣችና በእጇ ጨምራ ጻፈች፤ ሁለታችንም አጠገቡ ፈረምን። ይህን ለመጻፍ የሚያቅማማ ሻጭ መኪናውን ሳይሆን ራሱን ነው የሚያሳያችሁ። በተረከብኩበት ቀንም ቆጣሪውን ፎቶ አነሣሁት።

ከገዛችሁ በኋላ ያለው ደግሞ እንደ አገር ቤቱ ቦሎ ነው፤ ልዩነቱ በዓመት አንድ ጊዜ አለመሆኑ ነው። ከ14,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ማንኛውም ናፍጣ፣ አዲስም ቢሆን፣ የሌላ ግዛት ታርጋም ቢኖረው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ የአየር ብክለትን በሚቆጣጠረው የግዛቲቱ መሥሪያ ቤት (በአየር ቦርዱ) የመረጃ ቋት ውስጥ መመዝገብና በየዓመቱ 30 ዶላር ገደማ መክፈል አለበት። ከ2025 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመረመራል፤ ከጥቅምት 2027 በኋላ ለአብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች አራት ጊዜ እንዲሆን ታቅዷል። ሞተሩ የ2013 ወይም ከዚያ ወዲህ ከሆነ ምርመራው መሣሪያ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ማንበብ ብቻ ነው፤ ደቂቃዎች ይበቁታል። ከዚያ የቆየው የማርሚታው ጭስ ይለካል፣ ዕቃዎቹም በዐይን ይታያሉ። ውጤቱን ከቀነ ገደቡ 90 ቀን ቀደም ብሎ ማስገባት ስለሚቻል፣ እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ አስመረምራለሁ፤ መብራት ቢበራ ለጥገና ጊዜ አለኝ። የአየር ቦርዱ የመርማሪነት ትምህርቱን በነፃ በኢንተርኔት ስለሚሰጥ፣ ባለቤቱ ራሱ ተምሮ የራሱን መኪና መመርመር ይችላል። እኛ ለስምንት ሆነን አንዱን አስተምረናል፤ የሚከፈለው በምሳ ነው። የምስክር ወረቀቱን ጋቢና ውስጥ አስቀምጡት፤ ጭነት የሚሰጡ ድርጅቶች ሳያዩት አይጭኑም።

ሞተር አስነሥቶ መቆምም ሕግ አለው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈቀድም። በር ወይም ኮፈን ላይ ለዚህ የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ ተለጣፊ ያለው ሞተር ግን ከትምህርት ቤትና ከመኖሪያ ቤት ርቆ ሊቆም ይችላል። ባለ መኝታ የምትገዙ ከሆነ ያ ተለጣፊ መኖሩን እዩ፤ ነሐሴ ላይ ኒድልስ በረሃ ውስጥ የሚያድር ሰው ለምን እንዳልኩት ይገባዋል።

ወደብ ገብቼ ጭነት አላነሣም፤ ምክንያቱ የደንቡ አለመርጋት ነው። ለሎስ አንጀለስና ለሎንግ ቢች ወደቦች መኪናው ለብቻው ይመዘገባል። ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ አዲስ የሚመዘገብ የወደብ መኪና ሁሉ ጭስ አልባ እንዲሆን የሚል ደንብ ወጥቶ ነበር። ደንቡ ለፌዴራሉ የፈቃድ ጥያቄ ቀርቦበት ሲጠበቅ ቆይቶ፣ በጥር 2025 ግዛቲቱ ራሷ ጥያቄውን መልሳ ወሰደችው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የ182,000 ዶላር ዕዳ ማቆም አልፈለግሁም።

መሬቱ ደግሞ ገና አልረጋም። ሰኔ 12 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የምክር ቤቱን ውሳኔዎች ፈርመው፣ ካሊፎርኒያ ለጭስ አልባ መኪናው ድርሻና ለ0.05ቱ ገደብ ያገኘችውን የፌዴራል ፈቃድ ሻሩ። ካሊፎርኒያና ሌሎች ግዛቶች በዚያው ቀን ክስ መሠረቱ። «እንግዲህ ደንብ ቀረ» የሚል ወሬ ወዲያው ተነዛ፤ ውሳኔዎቹ ግን የ2010 ሞተሩን ግዴታም፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚደረገውን ምርመራም አልነኩም። ፌዴራሉም ቢሆን በ2022 መጨረሻ ያወጣው የራሱ ደንብ ከ2027 ሞዴል ጀምሮ ገደቡን ወደ 0.035 የሚያወርድ ነው። የካሊፎርኒያን የጭስ አልባ ድርሻ ደንብ የተቀበሉ ሌሎች ግዛቶችም አሉ። ዋሽንግተን፣ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ፣ ኮሎራዶና ሜሪላንድ ከ2027 ብለው ነበር የያዙት። ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስና ጆርጂያ አልተቀበሉትም። ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖርና ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሁለት ወንድማማች ለአንድ ዓይነት መኪና ሁለት ዓይነት መልስ ሊያገኙ ይችላሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የምታስመዘግቡበትን ግዛት የዚያን ሳምንት ይዞታ ጠይቁ፤ የእኔ የ2024 ታሪክ ለእናንተ ቀን ላይሠራ ይችላል።

ባለፈው ሳምንት ሳክራሜንቶ የሚኖር አንድ ወጣት ደወለልኝ። ሬኖ፣ ኔቫዳ ውስጥ አዲስ መኪና አግኝቷል፤ ዋጋው ጥሩ ነው፣ የባንኩ ወለድም ጥሩ ነው። አራት ፎቶ ላከልኝ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ የሚያብረቀርቀው ቸርኬ፣ አንዱ ራሱ መሪውን ይዞ። የሞተሩን ላክልኝ አልኩት። «ሻጩ ኮፈኑን ሰኞ እከፍትልሃለሁ ብሏል» አለኝ። ቀብድ ከፍለሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ።